ቃል ሊያስመልሱ የመጡ ሽማግሌዎች

ለምርጫ ቅስቀሳ በር የምታንኳኳ ሰው የምትይዘው ወረቀት ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ። አንድ ማለት የኛ ሰው ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ይመርጠናል። ሁለት ወደ እኛ ያዘነብላል። ሦስት አልወሰነም፣ ወይም መናገር አልፈለገም። አራት ወደ ሌሎቹ ሄዷል። አምስት ደግሞ በሩን የሚወረውርብን ነው። ይህን ወረቀት ይዤ አምስት ምርጫ ሙሉ ክሬሰንት ታውን የሚባለው የስደት ሰፈራችን ያሉትን ፎቆች ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። የሐበሻ በር ሲሆን ለእኔ ይተውልኛል። እኔም በሐበሻ በር ላይ ከአንድ ሌላ ቁጥር ጽፌ አላውቅም ማለት ይቻላል።

መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። ሰው ቤት እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። የፓርቲው ነገር በፈቃደኝነት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ "አንቺ ደሞዝ የሌለው ሥራ ስታዪ ነው የምትበረቺው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው "ያለ አንቺ አይሆንም" ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ይህን የሚለኝ አይጠፋም።

ፓርቲዎቹን በስማቸው አልጠራም። ህንጻችን ውስጥም በስም የሚጠራቸው የለም፤ "የኛዎቹ" እና "እነዚያኞቹ" ነው የሚባሉት። የኛዎቹ ለምን የኛ እንደሆኑ የሚጠይቅም አልነበረም። በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡት ትልልቅ ሰዎች "ያስገቡን እነሱ ናቸው" ይላሉ፣ ልጆቻቸውም ይህንኑ ሲሰሙ አደጉ። አንድ ቀን ዓመቱን ቆጥሬ፣ ከእነሱ አንዳንዱ የገባው እነዚያኞቹ ሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ መሆኑን ደርሼበታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የተኛ ነገር መቀስቀስ ምን ያደርጋል?

እኔን የኛዎቹ ሰው ያደረጉኝ አስራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን ትቼ ጋሼ ብቻ እላለሁ፤ ህንጻው ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ዜግነት ያገኘሁ ጊዜ ለመጀመሪያ ምርጫዬ እጄን ይዘው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር አይመለስም፣ ልጄ። እኛ ለእነዚህ ሰዎች ያለን ይቺ ወረቀት ናት" አሉኝ። እኔም ወረቀቷን ለእነሱ ስሰጥ ኖርኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት የጋሼን ባለቤት፣ እትዬን፣ ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ቀረ። ምላሳቸውም ከበደ። ከዚያ ወዲህ የጋሼ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ ያለችው ብቸኛ ልጃቸው ለጥቂት ወር መጥታ እናቷን እንድታይ፣ ብትችልም እንድታስታምም ፈለጉ። የጎብኚ ቪዛ ጠየቀች፤ ተመልሳ መሄዷን አላመንንም ተብላ ተከለከለች። ይህ የሆነው አጠቃላዩ ምርጫ ሊደርስ ሲል ነው። እኔ ያን ጊዜ በራቸው ላይ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ "ጋሼ፣ ፋይሉን ለኔ ይስጡኝ። የኛዎቹ ካሸነፉ እኔ ራሴ ኦፊሱ ድረስ አስገባዋለሁ" አልኩ።

የኛዎቹ አሸነፉ። ፋይሉን አስገባሁ። የምክር ቤቱ አባል ቢሮ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ልጅቷ እንደገና አመለከተች፣ እንደገና ተከለከለች። ከዚያ እኔ ኮል አደርጋለሁ፣ እነሱ "እየተከታተልነው ነው" ይላሉ፤ እኔ ለጋሼ "እየታየ ነው" እላለሁ። ይህ እንዲህ እያለ ሳለ የኛው ተመራጭ ገና ዘመኑ ሳይጋመስ ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። ቢሮው ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ አዲስ ሰው እስኪመረጥ ድረስ በዚህ ጉዳይ አዲስ ጥያቄ እንደማይልኩ በትሕትና ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ "ያ ነገርስ?" ይሉኛል፤ እኔም "እየታየ ነው ጋሼ" እላለሁ። ለምን እንደዋሸሁ ብጠየቅ፣ ፊታቸው ሲጠቁር ማየት አልፈለግኩም ነው መልሴ። ሌላም አለበት። ያለ እኔ የማይሆን ነገር በእኔ እጅ ቀረ መባሉን ጠላሁት።

የማሟያው ምርጫ ቅጠል ሲረግፍ መጣ። እንደ ወትሮው ወረቀቴን ተቀብዬ ከታች ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ሁልጊዜ ካልገባሽ ብላ የምትጎትተኝ ሴት፣ የበሩን ሰንሰለት ሳታወርድ በቀዳዳው አነጋገረችኝ። የቤት ኪራዩን ነገረችኝ፤ የቤተሰብ ሐኪም ካጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት ነገረችኝ። በመጨረሻ "እሺ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ" አለች። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ስምንተኛ ላይ ያለው የታክሲ ሹፌር "እናንተ ቆጠራ ሲደርስ ነው ትዝ የምንላችሁ" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እሱንም አንድ አልኩት። አስራ አንደኛ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ባለፈው በረንዳቸው ላይ የሰቀሉትን የኛዎቹን ምልክት ልጆቹ ስዕል ሠርተውበታል። ሰውየው አፍሮ "አዲስ ካላችሁ እንወስዳለን" አለኝ። አንድ።

የእኛ ሰው ደጁ ድረስ የመጣን እንግዳ "አልፈልግህም" ብሎ እንደማይመልስ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። እኔ ራሴ የሃይማኖት መጽሔት ይዘው የሚመጡትን ሴቶች ስንት ጊዜ አስቀምጬ ሻይ አጠጥቻለሁ። ግን የቅስቀሳው ኃላፊ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ወረቀቴን ባየ ቁጥር ለሌሎቹ እያሳየ "ይህ ህንጻ የተረጋገጠ ነው" ይላል። ሙገሳ የማይጥመው ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

አስራ ዘጠነኛ ፎቅ ስደርስ ጋሼ በሩን ከፍተው ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ አልጋቸው ሳሎን ወጥቶ፣ በመስኮቱ በኩል ተኝተዋል። ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ ጀርባቸውን ዳሰስኩ፤ የሙያ ነገር ነው።

"ያ ነገርስ?" አሉ ጋሼ።

"እየታየ ነው።"

ሌላ ሳይጠይቁኝ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "ጋሼ፣ እንግዲህ እንደ ወትሮው ነዎት አይደል?"

ወደ እትዬ ተመለከቱ፣ ወደ እኔ ተመለከቱ። "ቃሌ ነው" አሉ። "እንደ ወትሮው።"

አንድ ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ለበረንዳው ምልክት ስሰጣቸው ግን "ንፋሱ በርትቷል፣ ይቅርብኝ" አሉ። ንፋስ እንኳ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው ቢሆን ይገባኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው የተክለሃይማኖት ዕለት ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን የማያቸው ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ሁለተኛው የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለቅሶ ቤት ካልሆነ አብረው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። ግቡ አልኩ፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኩ፤ አልተቀመጡም።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ሹፌሩ።

ሽምግልና ነው አልኩ በልቤ። ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚያች ሰዓት ፒጃማ ለብሳ ኩሽና ውስጥ ዳቦ እየጠበሰች ነው። የማን ልጅ ይሆን፣ ደህና ሥራ አለው ወይ፣ ሳሎኑን ለምን ጠዋት አላጸዳሁም፣ ይህ ሁሉ በአንዴ አለፈብኝ። ልጄም አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸውና "ማሚ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለች። የምታውቀው ሙሉ ልብስ የለቅሶውን ነው።

"እህታችን" አሉ የወንጌላውያኑ፣ "የላከን የአስራ ዘጠነኛው ፎቅ ወንድማችን ነው። ለእርስዎ ቃል ሰጥቶ ነበር። ያን ቃል እንዲመልሱለት ልንለምን ነው የመጣነው።"

አልገባኝም። "የምን ቃል?"

ሹፌሩ አስረዱኝ። የእነዚያኞቹ ተወዳዳሪ ጋሼ ቤት መጥቶ ኖሯል። ተቀምጦ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቧል፤ እትዬንም አይቷል። ቢመረጥ በመጀመሪያው ሳምንት ጉዳዩን እንደሚጠይቅ ነግሯቸው ሄዷል። የጋሼ ልብ ወደዚያ ሄደ። ግን ለእኔ "ቃሌ ነው" ብለዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። አልደብቅም። ለእነዚያኞቹ? ጋሼ? እጄን ይዘው የወሰዱኝ ሰውዬ?

"ድምፅ እኮ ምስጢር ነው" አልኩ፣ ድምፄን መቆጣጠር አቅቶኝ። "ካርቶን ከለላ አለው። ገብተው የፈለጉትን ቢመርጡ ማን ያያቸዋል?"

"እኛም ይህንኑ ብለናቸው ነበር" አሉ ሹፌሩ። "'እኔ አየዋለሁ' አሉን።"

የወንጌላውያኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አባቶች 'የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ' ይላሉ። እኔ ይህን ተረት ድሮም አልወደውም። አሁን ግን አንድ ሰው በዓይኔ እያየሁ ሲፈጽመው ነው ያገኘሁት፣ እህታችን። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው።"

"ለምን ራሳቸው አልመጡም ታዲያ?"

"አፍረው" አሉ። "ፊትዎን ማየት አፍረው።"

ያቺ ቃል አቃጠለችኝ። ጋሼ ከእኔ ያፍራሉ፤ እኔ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ደረጃ ላይ አይናቸውን እያየሁ ስዋሽ አላፈርኩም። ልጄ ከኩሽና በእንግሊዝኛ "ልቀቂያቸው እንጂ፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። ችግሩ ባለዕዳው እሳቸው ሳይሆኑ እኔ መሆኔ ነበር።

"ተቀመጡ" አልኳቸው። "ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ የኔን ስሙ።"

ተቀመጡ። የቢሮዋ ልጅ ያለችኝን፣ እኔ የደበቅኩትን፣ "እየታየ ነው" ስል የቆየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ ልጄ ዳቦዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ" አሉ ሹፌሩ። "የመጣነው የእሳቸው ሽማግሌ ሆነን ነው። የምንመለሰው የእርስዎ ሽማግሌ ሆነን ነው ማለት ነው።"

ሻይ ጠጥተው ሦስታችን ወጣን። ከኤሌቬተሮቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለነበር ቆመን ስንጠብቅ የወንጌላውያኑ ሽማግሌ ክራቫታቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ፤ እሳቸውም ፈርተዋል። በሀገር ቤት ደንብ ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ድንጋዩ ቀረብኝ፤ ክሬሰንት ታውን ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ባዶ እጄን በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ።

ጋሼ የመጣሁት ልቆጣቸው መስሏቸው ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሲያስረዷቸው ግን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?" አሉኝ።

"አምስት ወር፣ ጋሼ።"

"አምስት ወር። እኔ በየማታው ለልጄ እየደወልኩ እየታየ ነው እላታለሁ። እሷ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሻንጣ ገዝታ ተቀምጣለች።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። "እኔ አንቺን አምኜ ነው እንጂ ሌላ በር አንኳኳ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ። በዚህ መሀል ከአልጋው በኩል እትዬ አንድ ነገር ለመናገር ታገሉ። ከታመሙ ወዲህ ቃል በቃል እየጎተቱ ነው የሚናገሩት፤ ሁላችንም ዞረን ጠበቅናቸው።

"እሷስ... ራሷ መጣች" አሉ፣ በደህናው እጃቸው እኔን እያመለከቱ።

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ፤ ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው ፊት ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ይቅር ተባባሉ አሉን፤ ተነስተን ተሳሳምን። "ቃልዎን መልሼልዎታለሁ ጋሼ" አልኩ። "ተቀብያለሁ" አሉ፣ ሁለቱን ምስክሮች እያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በምስክር ካልሆነ አይሆንላቸውም።

ሰኞ ለቅስቀሳው ኃላፊ ህንጻዬ የተረጋገጠ እንዳልሆነ ነገርኩት። አንድ ያልኳቸውን ሁሉ ሦስት እንዲያደርጋቸው ጠየቅኩት። "ምን ሆኑ?" አለኝ። "ምንም አልሆኑም፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው" አልኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና የሰዎቼን በር እንደገና እንዳንኳኳ ላከኝ። በዚህኛው ዙር ማንን ትመርጣላችሁ ሳልል "ምን አስከፋችሁ?" ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። የሦስተኛ ፎቋ ሴት ሰንሰለቱን አወረደች። አንድ ፎቅ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ወረቀቴም በአራት ተሞላ።

በምርጫው ቀን ጋሼን በመኪናዬ ወስጄ ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ጂም አደረስኳቸው። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። እሳቸው ከአንዱ ካርቶን ጀርባ ገቡ፣ እኔ ከሌላው። እኔ የኛዎቹን መረጥኩ፤ አዎ፣ ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ። ከሠላሳ ዓመት ልማድ በአንድ ቅዳሜ አይወጣም፤ እርሳሱ ግን እጄ ላይ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። እሳቸው ምን እንደመረጡ አልጠየቅኩም። መኪና ውስጥ ወሬያችን ስለ ዝናቡ ነበር።

እነዚያኞቹ በጥቂት ድምፅ አሸነፉ። ቢሮው ሲከፈት ፋይሉን ይዘን ጋሼና እኔ አብረን ሄድን። እኔ የማን ሰው እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። አዲሱ ተመራጭ እንዳለው ጥያቄውን ላከ፤ ግልባጩን በዓይኔ አየሁት፣ ለጋሼም መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። መልስ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም። አሁን "እየታየ ነው" ስል ቢያንስ እውነቴን ነው።

ከሥራ ስመለስ እትዬን ማጠብ የኔ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ እግራቸውን እያሸሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጫማዋ በበረዶ የራሰ ነጭ ሴት ናት፤ የእነዚያኞቹ ፈቃደኛ። የሚቀጥለው አጠቃላይ ምርጫ ከመድረሱ በፊት ሰዎቻቸውን እያየች ነው። ወረቀቷን ከሩቅ አወቅኩት። ጋሼ አስገብተው አስቀመጧት፣ ሻይ ሰጧት። ስለ ሻዩ አመስግና፣ በሚቀጥለውም ከእኛ ጋር ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።

ጠየቅኩላት። ጋሼ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። የእትዬን አልጋ አዩ። ከአጠገቡ ለልጃቸው ተብሎ ተነጥፎ ማንም ያልተኛበትን ፍራሽ አዩ።

"ቃሌ አሁን እኔው ዘንድ ናት በያት" አሉኝ። "ልጄ በዚህ በር የገባች ቀን ትምጣና ትጠይቀኝ።"

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

"ሦስት ብለሽ ጻፊ" አልኳት።